ቢላዋ የማያሻው ዓሣ

ባለቤቴ እዚህ እስራኤል ከገባን ጀምሮ የሱቅ ሥጋ ቀምሶ አያውቅም። እኛ ቤተ እስራኤሎች አገራችን ሳለን ከብት የሚያርዱልን የራሳችን ቄስ ነበሩን። እሳቸው ወይም እሳቸው ያስተማሩት ሰው ካላረደው ሥጋው ለእኛ ሥጋ አልነበረም። እዚህ ስንመጣ አራጆቹ የማናውቃቸው ሰዎች ሆኑ። ብዙዎቻችን ቀስ በቀስ ለመድነው። እኔም ለመድኩ፤ ሕፃን ልጅ ነበረችኝ፣ ልጅ ደግሞ ትምህርት ቤት የሚሰጡትን ይበላል።

እሱ ግን አዲስ ገቢዎች በሚያርፉበት በመርካዝ ክሊታው አዳራሽ የዶሮውን ሳህን በጣቱ ገፋ አድርጎ ዳቦና ቲማቲም በልቶ ተነሣ።

«ኮሸር ነው እኮ፣ አባ፤ እንደ ሕጉ የታረደ ነው» አለችው ምግብ የምታድለው ሴት።

«ለአንቺ ይሁንልሽ» አላት በአማርኛ። አልገባትም። ፈገግ አለችለት።

አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ቫቭ በሚባለው ሰፈር ቤት ካገኘን በኋላ ምድጃዬ ላይ ሁልጊዜ ሁለት ድስት ይጣድ ነበር፤ አንዱ የእኔና የልጄ፣ አንዱ የእሱ። እኛን ከልክሎን አያውቅም። ስለምንበላውም አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም። ቄሳችን የደረሳቸው ቤት ራቅ ያለ ከተማ ስለነበር በዓመት በዓል ብቻ ወደ እሳቸው ይሄድና በግ ታርዶ በልቶ ይመለሳል። በቀረው ጊዜ ምግቡ ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ ነበር፤ ከሁሉ በላይ ግን ዓሣ።

ዓሣ ቢላዋ አያሻውም። ሕጉ የሚጠይቀው ክንፍና ቅርፊት ብቻ ነው። ቅርፊት የሌለው አምባዛ አይበላም፣ ቅርፊት ያለው ቆሮሶ ይበላል። ማን አጠመደው፣ ማን ገደለው የሚል የለም። «ዓሣ ከውሃ ሲወጣ ታርዶ ነው የሚወጣው» ይል ነበር። ስለዚህ ዓሣ ለእሱ ያለ ሐሳብ የሚቀርብለት ምግብ ነበር። ሌላውን ሁሉ ጠይቆና መርምሮ ነበር የሚበላው።

በሰሜኑ የኢንዱስትሪ ቀጠና በአንድ መጋዘን ወለል ሲጠርግ ኖሮ ጡረታ ወጣ። ጡረታው አልተስማማውም። ጠዋት ተነሥቶ ልብሱን ለብሶ በረንዳ ላይ ይቆማል፣ ማንም አይጠራውም። አንድ ቀን ዝም ብሎ ወጥቶ አውቶቡስ ተሳፈረና ከከተማው ዳር፣ አድ ሃሎም ከሚባለው መገንጠያ ወረደ፤ መጋዘኖቹን አልፎ ወደ እርሻው በእግሩ ሄደ። እዚያ የዓሣ ኩሬዎች አገኘ።

የኩሬዎቹ ባለቤት በወጣትነቱ ከሞሮኮ የመጣ ሽማግሌ ነበር። ልጆቹ ትተውት ወደ ትልልቅ ከተሞች ሄደዋል። ባለቤቴ ዕብራይስጡ ጥቂት ነበር፣ የሰውየው አማርኛ ደግሞ ምንም። እንዴት እንደተግባቡ አላውቅም። ብቻ በማግሥቱም ሄደ። መኖ ይበትናል፣ መረብ ይጠግናል፣ የኩሬውን ዳር ሣር ያጭዳል። ደመወዝ አልነበረውም። ማታ ዓሣ ይዞ ይመጣል።

መጀመሪያ ያመጣውን ዓሣ ግን ወዲያው አልበላም። ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጦ በማግሥቱ ውሃውን ሊመረምር ሄደ። የእኛ ሰው ውሃን የሚመዝነው በመሄዱ ነው። ሴት ከወር አበባዋና ከወሊዷ፣ ሬሳ የነካም ሰው ከርኩሰቱ የሚነጻው በወራጅ ውሃ ነው። የቆመ ውሃ አያነጻም። ስለዚህ ወደ ኩሬው የሚገባውን ቦይ ይዞ ሽቅብ ሄደ። ውሃው በቦዩ ይገባል፣ በሌላው ጫፍ ይወጣል። ቦዩ በትልቁ መንገድ ሥር አልፎ ከወዲያ ማዶ ካሉት ፋብሪካዎች በኩል ይመጣ ነበር። እስከ መንገዱ ሄዶ ተመለሰ።

«ይሄዳል» አለኝ ገና ከበሩ። «ውሃው ይሄዳል። ጠብሺው።»

ጠበስኩለት።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት ለእሱ ጥሩ ነበሩ። ፊቱ ፀሐይ መታው፣ ድምፁ ከፍ አለ። የሕንፃችን ሰዎች የሚመጣበትን ሰዓት አወቁ። ከእኛ በታች የምትኖረው የጎንደር ሴት ደረጃው ላይ ትጠብቀዋለች።

«አያ፣ ዛሬስ ምን ይዘው መጡ? ሽታዎ ከእርስዎ ቀድሞ ገባ።»

«ሽታውን በነፃ ወስደሻል። ዓሣውን ከፈለግሽ ድስት አምጪ።»

«ራሱን ለእኔ ያድርጉልኝ።»

«ራሱማ የአባወራ ነው።»

«ምነው፣ አባወራው ጭንቅላት ጎድሎት ነው?»

በሳቅ ይሞታል። ከዚያ ትልቁን መርጦ ይሰጣታል፣ ራሱን ግን ቆርጦ ያስቀራል።

ዓሣውን የሚያጸዳው እሱ ነበር። ለእኔ አይተውልኝም። ቅርፊቱን ይፍቃል፣ ሆዱን ይቀድዳል፣ በጨውና በሎሚ ያሸዋል፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ ያለቀልቀዋል። ጉበቱን በትንሽ ሳህን ለብቻው ያስቀምጣል። የበሬ ጉበት ከበላ ስንት ዓመት ሆኖታል፤ የዓሣውን ጉበት በሽንኩርት ጠብሶ ዳቦ ላይ ያደርገዋል። ልጃችን ያን ጊዜ አድጋ ሥራ ይዛ፣ አጠገባችን ቤት ተከራይታ ትኖር ነበር። በሰንበት ዋዜማ ስትመጣ አፍንጫዋን ትይዛለች።

«አባ፣ ኢክሳ! የዓሣ ጉበት ይበላል እንዴ?»

«አንቺ ፒሳ ላይ የሚያደርጉልሽን ታውቂዋለሽ?»

«አላውቀውም።»

«እኔ ይሄን አውቀዋለሁ» ይላታል፣ ጣቱን እየላሰ።

ድካሙ ሲጀምረው የዕድሜ መሰለን። ከአውቶቡሱ ፌርማታ እስከ ቤት ሁለት ጊዜ ያርፋል። ከዚያ እግሩ ያብጥ ጀመር። ጫማውን ሳወልቅለት የካልሲው ጠርዝ ቆዳው ውስጥ ገብቶ ጎድጉዶ ይቀራል። ኩፓት ሆሊም ወደሚባለው የሰፈራችን ክሊኒክ ወሰድነው። የቤተሰብ ሐኪማችን ከሩሲያ የመጣች፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ሴት ናት። ደምና ሽንት አስመረመረችና ልጃችንን ይዘን እንድንመለስ ነገረችን፤ ያን ጊዜ ጉዳዩ ቀላል እንዳልሆነ ገባኝ።

«ኩላሊቱ ደክሟል» አለች። «የደም ግፊቱም አለ። ምንድን ነው የሚበላው?»

ልጃችን ነገረቻት። ዓሣ ስትላት ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች። ዓሣ ጥሩ ነው አለች፤ ጨው ብቻ ቀንሱ።

በዚያው ሰሞን ወደ ኩሬው ከመንግሥት የተላኩ ሰዎች መጡ። ዓሣ በበረዶ ሣጥን፣ ውሃና ጭቃ በጠርሙስ ወሰዱ። ለምን እንደመጡ ባለቤቴ አልጠየቀም። የኩሬው ባለቤት ሲያማቸው ሰምቶ እሱም አብሮ አማቸው፤ ግብር ሰብሳቢ መስለውት ነበር። መልሱ ሲመጣ ሰውየው ስልክ ደውሎ ከልጄ ጋር ተነጋገረ። እሷም ሥራዋን ትታ ወደ እኛ መጣች።

ዓሣው ውስጥ እርሳስና ካድሚየም የሚባል ብረት ተገኝቷል፤ መሸጥም መብላትም ተከልክሏል። ከየት እንደመጣ አልታወቀም። ከላይ ካሉት ፋብሪካዎች ይሆናል፣ ከድሮ የእርሻ ማዳበሪያ ይሆናል፣ ከአውራ መንገዱ የሚታጠብ ይሆናል አሉ። እስከ ዛሬም ከዚህ ሌላ የነገረን የለም።

ባለቤቴ እርሳስን ያውቀዋል፤ ጥይት የሚሠራበት ነው። ተነሥቶ ከማቀዝቀዣው አንድ ዓሣ አወጣና እስኪላላ ጠበቀ። ከዚያ ከፈተው። በጣቱ ሆዱን፣ የጎድን አጥንቱን ሥር፣ ጉሮሮውን ዳሰሰ። ጉበቱን አውጥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘው።

«የታለ?» አላት ልጁን።

«አይታይም፣ አባ።»

«ካልታየ ማን አየው?»

«መኮና። ማሽን።»

«ማሽኑ ዓሣ በልቶ ያውቃል?»

«አባ፣ ዳይ! በቃ፣ ስማኝ።» ልጄ ትዕግሥተኛ አይደለችም፤ ያን ቀን ግን አጠገቡ ተቀምጣ ከኢንተርኔት ያነበበችውን ቀስ እያለች አስረዳችው። ብረቱ ውሃው ውስጥ ትንሽ ነው፤ ሄዶ ሄዶ ጭቃው ውስጥ ይተኛል። ዓሣ ጭቃውን እየቆፈረ ይበላል። የበላው ብረት ቶሎ አይወጣለትም፤ ይጠራቀማል፣ ከሥጋውም ይልቅ በጉበቱና በኩላሊቱ። ዓሣው በቆየ ቁጥር ብረቱ ይበዛል።

«ቢታጠብስ?»

«አይለቅም።»

«በእሳት?»

«በእሳትም።»

«የበላው ሰውስ?»

እኔን አየችኝ። እሱ ዓሣውን አለቅልቆ ጨው ነሰነሰበት። እሷ እያየችው ጠብሶ በላው።

ከዚያ የነበሩትን ሳምንታት ማስታወስ አልወድም። ማቀዝቀዣዬ በእሱ ዓሣ የተሞላ ነበር። ልጄ ልጣለው አለች፣ እሱም በቤቴ የእህል ዘር አይጣልም አለ። ሐኪሟ የዓሣውን ነገር ሰምታ ሌላ ምርመራ አዘዘች፤ በሽንቱ የተገኘው ካድሚየም ከሚገባው በላይ ነበር። ይህንንም ነገርነው።

«ተው እንግዲህ» አልኩት እኔ።

«ሐኪሟ ውሃውን አይታዋለች?»

«አላየችውም።»

«እኔ አይቼዋለሁ።»

ትዳራችን ረጅም ነው። እኔ አልጮኽም፣ እሱም አይጮኽም። አንድ ነገር ተነጋግረን ካልተስማማን እንተወዋለን፤ ጊዜ ሲያልፍ ይረሳል። ይህ ግን የሚተው ነገር አልነበረም። እሱ ዓሣውን ሲያወጣ እኔ ወጥ ቤቱን ለቅቄ እወጣለሁ። ከዚያ መጥበሻው ሲጮኽ ከሌላው ክፍል እሰማለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ የሰውነት ክፍሎችን፣ ኩላሊት ምን እንደሚሠራ ተምሬአለሁ፤ በክፍል ፊትም ቆሜ ሥዕሉን አስረድቻለሁ። ሳሎን ተቀምጬ ያን ሁሉ አስብ ነበር፣ እሱም ይበላ ነበር።

በመጨረሻ ያስተወው እኔ አይደለሁም፤ ሐኪሟም አይደለችም። ኩሬውን ሊያፈስሱት ሆነ። የኩሬው ባለቤት ባለቤቴን ጠራው፤ ብቻውን ሊያየው አልፈለገም መሰለኝ። ጠዋት ሄዶ ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። በበሩ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ተቀመጠ፤ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ካልሲው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነበር።

ውሃው ወጥቶ አለቀ። ዓሣው ጭቃው ላይ ሲዘል በማሽን አፍሰው ጉድጓድ ውስጥ ከተቱት፣ ኖራ ነሰነሱበት። ሰውየው አለቀሰ።

«አልቅሶ ሲያበቃ ሲጋራ ሰጠኝ» አለኝ።

«አታጨስም እኮ።»

«ተቀበልኩት። ምን ልበለው።»

ከዚያ ስለ ጭቃው ነገረኝ። ውሃው ከላይ ሲሄድ ያየው ነበር፤ ከሥሩ ያለውን አይቶት አያውቅም። በዚያ ሁሉ ዓመት የተኛው ጭቃ ከቁመቱ በላይ ባይሆንም ከጉልበቱ በላይ ነበር። ጥቁር ነው፣ ላዩ እንደ ዘይት ያብለጨልጫል። ሽታው የኩሬ ሽታ አይደለም አለ፤ በጠረገው መጋዘን አጠገብ ብረት የሚያቀልጡ ሰዎች ነበሩ፣ የእነሱን ይመስላል።

«ውሃው ይሄዳል» አለ። «እሱ ግን አይሄድም።»

ተነሥቶ የቀረውን ዓሣ በሙሉ ከማቀዝቀዣው አወጣ። በከረጢት አድርጎ ወደ ቆሻሻ መጣያው ወረደ። ቶሎ ስላልተመለሰ በመስኮት አየሁት፤ የቆሻሻው መኪና እስኪመጣ ድረስ መጣያው አጠገብ ቆሞ ድመቶቹን ያባርራል። ጎረቤታችን ከበረንዳዋ «አያ፣ የድመት ዘበኛ ሆኑ?» አለችው። ቀና ብሎ አላያትም። በኋላ ቤቷ ድረስ ሄዶ እሱ የሰጣትን እንድትጥል ነገራት፣ ልጆቿንም እንድታስመረምር። ምርመራቸው ደኅና ነበር። እነሱ ጉበቱን አልበሉም።

አምኗል ብዬ ደስ አለኝ። አሁን ሌላ ዓሣ እገዛለታለሁ ብዬ አሰብኩ። ወደብ አጠገብ ካለው የዓሣ ገበያ ሄጄ ቅርፊቱ ያልተፋቀ፣ ዐይኑ የጠራ የባሕር ዓሣ አመጣሁ። ጠረጴዛው ላይ ሳደርገው አየው።

«ከየት ነው?»

«ከባሕር።»

«ቦዩ ወዴት የሚሄድ ይመስልሻል?»

ባሕሩ ሰፊ ነው፣ ይመረመራል፣ ሰው ሁሉ ይበላዋል አልኩት። «ሰው ሁሉ ዶሮም ይበላል» አለኝ። ለማመን ዘግይቶ ነበር፣ ሲያምን ደግሞ በሙሉ አመነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓሣ የሚባል አልቀመሰም።

ሐኪሟን ብቻዬን ሄጄ ጠየቅኳት። ልጄን አልወሰድኩም፤ ዕብራይስጤ ለዚህ ይበቃ ነበር።

«ከዓሣው ነው?»

«ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። ግፊቱ ብቻውን ይህን ያደርጋል።»

«ብረቱን ማውጣት ይቻላል?»

«ኩላሊት ውስጥ የገባ ካድሚየም ብዙ ዓመት፣ በአሥር የሚቆጠር ዓመት ይቀመጣል። የሚያወጣው መድኃኒት የለንም። ዋናው ነገር ከእንግዲህ እንዳይጨምር ነው።»

«የገባውስ?»

ትከሻዋን ከፍ አደረገች። ክፉ ሴት አይደለችም። ሌላ የምታደርገው ስላጣች ነው። ቀጥሎ የገባው ሰው በሩን ሲያንኳኳ ተነሣሁ።

ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ በየዕለቱ አበስልለት ጀመር። ይበላ ነበር፣ ይከሳም ነበር። ወራት ካለፉ በኋላ ምርመራው ስለከፋ ወደ ምግብ አማካሪ ላኩን። ወጣት ናት፣ ጥፍሮቿ ቀይ ቀለም የተቀቡ። ምን እንደሚበላ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ለእንዲህ ያለ ኩላሊት ምስርና ባቄላ፣ ሽምብራም ቢሆን መብዛት የለበትም አለች፤ ደሙ ውስጥ የሚጠራቀም ነገር አለባቸው። ቲማቲምም፣ ድንችም፣ ሙዝም እንዲሁ። የእንቁላል ነጩን ይብላ አለች። እሱን ለጥቂት ቀን በልቶ ተወው፤ ከአፉ ይመልሰዋል።

«ትንሽ ዶሮ ከባቄላ ይሻለዋል» አለችኝ። «መዳፍ የሚያህል። ይህ ቀላል ነው፤ ዶሮ የማይወድ ሰው አለ?»

አለ አልኳት። ለማስረዳት ሞከርኩ። ከልብ ሰማችኝ፣ ግን «ኮሸር እኮ ነው» አለች።

ልጄ ለመነችው። ጎረቤታችን ለመነችው። አንድ ጊዜ ልጄ እሱ ሳይሰማ ወጥ ቤት ውስጥ ያዘችኝ።

«እማ፣ ፈጭተሽ ሩዙ ውስጥ ጨምሪለት። አያውቅም።»

«እሱ አያውቅም። እኔ ግን አውቃለሁ።»

«ከሚሞትብን?»

ለሁለት ቀን አሰብኩበት። ሦስተኛው ቀን ከአንድ ገበሬ በሕይወት ያለች ዶሮ ገዛሁ። ልጄን ወደ ቄሳችን ውሰጂኝ አልኳት። ለቄሱ ሚስት ደውዬ እንደምንመጣ ብቻ ነገርኳት። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም፤ ፊት ለፊት ቀርቦ ነው የሚለመነው። ለባለቤቴ ልጠይቃቸው ልሄድ ነው አልኩት። ሰላም በይልኝ አለ።

ዶሮዋ ከኋላ ወንበር በካርቶን ውስጥ ነበረች። መንገዱን ሁሉ ተንጫጫች። ልጄ ሬዲዮ ከፈተች፣ ዘጋች።

ቄሳችን ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው ሳሎናቸው ውስጥ ተቀምጠዋል። ተነሥተው ሊቀበሉን ሞከሩ፣ እኛ ከለከልናቸው።

«ያ ክርክር ወዳዱ እንዴት ነው?» አሉኝ።

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ዓሣው፣ ስለ ኩላሊቱ፣ ስለ ባቄላው። ዶሮዋ ታች መኪና ውስጥ እንዳለች ነገርኳቸው። ሚስታቸው ሻይ አምጥታ ነበር። ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው ብርጭቆውን ሲያነሡ ሻዩ በሁለቱም በኩል ፈሰሰ። መልሰው አስቀመጡት።

«አየሽ፣ ልጄ» አሉ። «ቢላዋ ሳይቆም፣ ሳይንቀጠቀጥ ነው የሚሄደው። በዚህ እጅ ያረድኩት ለእሱ አይሆንለትም። ለማንም አይሆንም።»

«እርስዎ ያስተማሩት ሰው የለም?»

«የነበረው ሞተ። ወጣቶቹ የሚማሩት ሌላ ትምህርት ነው፤ ወደ እኔ አይመጡም።»

«እንግዲያ ይፍቱለት። የታመመ ሰው ነው። ይብላ ብለው ይንገሩት።»

«ነገርኩት እኮ» አሉኝ። «ደውሎልኝ ነበር። አልነገረሽም?»

አልነገረኝም።

«ብላ አልኩት፤ ነፍስ ይቀድማል አልኩት። እሱም ‹አባ፣ እርስዎ በእኔ ቦታ ቢሆኑ ይበላሉ?› አለኝ።»

«ምን አሉት?»

ቄሳችን ወለሉን አዩ። «ዋሽቼ ልመልስለት አልቻልኩም» አሉ።

ባርከውን ወጣን። መኪናው ውስጥ ልጄ ቁልፉን ይዛ ብዙ ቆየች፣ አላስነሣችውም። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። እኔ እጄን ጉልበቷ ላይ አደረግኩ፤ ሌላ የማደርገውን አላወቅኩም። ዶሮዋ ከኋላ ካርቶኑን ትቧጭር ነበር።

ቤት ስንደርስ እሱ ነቅቶ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ነበር። የካርቶኑን ድምፅ ሰማ።

«ምንድን ነው?»

«ዶሮ» አለች ልጄ።

«በሕይወት?»

«በሕይወት።»

እኔን አየኝ። የሄድኩበትን ምክንያት፣ የተመለስኩበትንም እንዳወቀ ከፊቱ ለየሁ።

«እጃቸው ደክሟል፣ አይደል?» አለኝ። «ባለፈው በዓል አይቼው ነበር። ለዚያ ነው በጉን ሳልበላ የመጣሁት።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ምን ታደርጊያለሽ?» በቁጣ አይደለም የተናገረው። ማወቅ ፈልጎ የጠየቀኝ ይመስል ነበር።

ልጄ ዶሮዋን ይዛ ወጣች፤ ለገበሬው እመልሳለሁ አለች። እኔ ልብሴን ሳልቀይር ምድጃው ጋ ሄድኩ። ሩዝና ጎመን ቀቀልኩ፣ ጨው የሌለው። ሳህኑን አቀረብኩለት። በማንኪያ እያነሣ ቀስ ብሎ በላ። እጅጌው ክንዱ ላይ ሰፍቶት ነበር፤ ሲያነሣው እስከ ክርኑ ይወርዳል። ግማሽ ሲሆን ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ምን ልጨምርልህ?» አልኩት።

«ምን አለሽ?»

ማቀዝቀዣውን ከፍቼ ቆምኩ። ከትናንት የተረፈ ምስር ነበር። ቲማቲም ነበር። የእኔ የዶሮ መረቅ በክዳን ተከድኖ ነበር። አንድ በአንድ አየኋቸው። ከዚያ ዘጋሁትና ተመልሼ አጠገቡ ተቀመጥኩ።